ሐይቅ ለምትሄዱ፦ በጠዋት ድረሱ

ደሴ ከመጣችሁ ሐይቅ የምትባለውን ከተማና ውሃዋን ሳታዩ አትመለሱ። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ አለ። የኔ ምክር በጠዋት ውጡ ነው። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ውሃው ይናወጣል፣ የታንኳ ጉዞውም ደስ አይልም። ጠዋት ግን ፀጥ ይላል፤ ተራራው ቁልቁል ውሃው ውስጥ ይታያል።

እዚያው ውሃው ላይ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከመሬት ጋር ተያይዟል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። እህቶቼ፣ ይህን በር ላይ ከመስማት ቀድማችሁ ማወቁ ይሻላል፤ ዳርቻው ለብቻው ቀን ይሞላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እስከ ውሃው ድረስ ያለው ማሳ የሰው ጉሮሮ ነው። በጤፍ መሃል አቋርጣችሁ ፎቶ አትነሱ። አንዴ ጓደኛዬ ሊያቋርጥ ሲል አንድ አባት ከሩቅ "ልጄ፣ በወሰኑ ዙር!" አሉት። አልተቆጡም። የረገጠውን ጤፍ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ቀና ቀና ሲያደርጉት ሳይ ግን እኔ አፈርኩ። በወሰኑ ላይ ሂዱ፣ ሰው ካለ "በርቱ" በሉ፣ መንገዱን ጠይቁ። ወሎ ሰላም ላለው እንግዳ ቡና አይነፍግም። ከተጠራችሁ አቦል ብቻ ጠጥታችሁ አትነሱ፣ እስከ በረካ ቆዩ።

ዓሣ ከፈለጋችሁ እዚያው ጠብሰው ያቀርባሉ። ዋጋውን ግን ሳይጠበስ ተስማሙ።