«ስሞል ራይስ» እና ሌሎች የትንሽ ምግብ ጣጣዎች

ችግር፦ ትንሽ ሩዝ ለማለት በእንግሊዝኛ «ስሞል ራይስ» ስትሉ ሰሚው ግራ ይጋባል።
ጥፋቱ የኛ «ትንሽ» ነው። ትንሽ ሳህን፣ ትንሽ ሩዝ፣ ትንሽ እንቁላሎች፤ ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። «ስሞል» ግን የሚያወራው ስለ አካሉ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው የሚታየው ፍሬው ደቃቃ የሆነ ሩዝ ነው። ለማይቆጠር ነገር «ኧ ሊትል ራይስ»፣ ለሚቆጠር «ኧ ፊው ግሬፕስ» በሉ። አደራ፣ «ኧ»ዋን እንዳትውጧት! «አይ ሃቭ ኧ ሊትል ሚልክ» ካላችሁ ትንሽ ወተት አላችሁ። «አይ ሃቭ ሊትል ሚልክ» ካላችሁ ግን የለኝም ከማለት ብዙም አይርቅም፤ እንግዳችሁ ይሉኝታ ይዞት ሻዩን ያለ ወተት ይጠጣታል።

ችግር፦ «ቱ ብሬድስ»።
እኛ ሁለት ዳቦ ብለን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ዳቦን እንዲህ አይቆጥርም፣ የሚቆጥረው ቁራጩን ነው፦ «ቱ ስላይስስ ኦፍ ብሬድ»። የብዙ ቁጥሯ «ስ» ቁራጩ ላይ ትለጠፋለች፣ ዳቦው እንዳለ ይቀመጣል። «ኦፍ»ም አትዘለልም። «ኧ ፒንች ሶልት» የሚያሰኘን «ቁንጥር ጨው» ስንል መሀል ላይ ምንም ስለማናስገባ ነው።

ችግር፦ «ኧ ፒንች ኦፍ ሚልክ» ብላችሁ ተሳቀባችሁ።
ወተት አይቆነጠርማ! ፒንች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚያዝ ደረቅ ነገር ነው፣ ጨው ወይም የተፈጨ ቅመም። ለፈሳሽ «ስፕላሽ» አለ፣ ቸለስ እንደማድረግ። ዘይት ወይም ማር በቀጭኑ ላዩ ላይ ከተንቆረቆረ «ድሪዝል» ነው። «ዳሽ» ሁለቱም ጋ ይገባል፣ ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉም ቅመም ነስነስ ስታደርጉም። በልክ መሥራት የምትወዱ ካላችሁ፣ እነዚህ ስሞች የተጻፉባቸው ሚጢጢ መለኪያ ማንኪያዎች ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ ዳሽ የሻይ ማንኪያ 1/8፣ ፒንች 1/16 ነው። ከሱም ያነሰ «ስሚጅን» የሚባል አለ፣ 1/32። እኔ እንጃ፣ ለዚያች ጣት ይበቃል።

ችግር፦ ነጭ ሽንኩርት ሲጠበቅ ቅርንፉድ ገባ።
«ክሎቭ» ብቻውን ሲቆም ቅርንፉድ ነው። «ቱ ክሎቭስ ኦፍ ጋርሊክ» ከተባለ ከነጭ ሽንኩርቱ ራስ ላይ ሁለት ፍሬ መላጥ ነው። እዚህ ላይ ተሳስቶ ሁለት ሙሉ ራስ የሚከትም አለ፣ ያ ቤት ለሁለት ቀን አይገባበትም።

ችግር፦ ቅመሱ ተብላችሁ ብዙ እንዳይሰጧችሁ ፈራችሁ።
ለሚበላ «ጀስት ኧ ባይት»፣ ለሚጠጣ «ጀስት ኧ ሲፕ»። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ፉት። አለቀ።

ሁሉም ከጠፋባችሁ «ኧ ቢት ኦፍ» በሉ፤ ጨውም ወተትም አይብም ይቀበሉታል። እንቁላል ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ «ኧ ቢት ኦፍ ኤግ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ከአንዱ እንቁላል ቆረስ ተደርጎ ነው።