በቶሉይን ታንካችን ውስጥ ኦክስጅን ለምን ይጨምር ነበር?

በምሠራበት የቀለም ፋብሪካ፣ ቶሉይን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል የቀለም ማቅጠኛ በታንክ እናስቀምጣለን፤ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ክፍት ቦታ የምንሞላው እዚያው ግቢ ውስጥ ከአየር ለይተን በምናመርተው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅኑ ከ9.5 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ የቶሉይን እንፋሎት ስለማይቀጣጠል ማስጠንቀቂያውን 5 በመቶ ላይ አድርገነዋል፤ ሆኖም ቶሉይን በፓምፕ ከታንኩ በተቀዳ ቁጥር ይጮህ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የታንኩን የኦክስጅን መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሙሉ ቀን በከንቱ አጠፋሁበት። በናይትሮጅን ማምረቻው መውጫ ላይ ሁለተኛ መለኪያ ስንተክል ግን ነገሩ ተገለጠ፤ ፓምፑ ሲሠራ ታንኩ ብዙ ጋዝ ስለሚስብ በማምረቻው ውስጥ የሚያልፈው አየር ከልኩ በላይ ይፈጥናል፣ በማምረቻው ሁለት ማማዎች ያለው፣ ናይትሮጅኑን ከአየር የሚለየው የካርቦን ወንፊትም ኦክስጅኑን ለመያዝ ጊዜ ስለሚያጥረው፣ ናይትሮጅን ብለን የምንልከው ጋዝ ራሱ ኦክስጅን ይዞ ይገባ ነበር።

ትልቅ ማምረቻ መግዛት አላስፈለገም። ቶሉይኑ አንድ ጊዜ ተቀድቶ እስኪያበቃ የሚበቃ የናይትሮጅን ማጠራቀሚያ ጨመርን፣ ከማምረቻው የሚወጣውንም ፍሰት በመገደቢያ ወሰንን። ጥራቱ የወረደ ጋዝ አሁን በራሱ ቫልቭ ወደ ውጭ ይለቀቃል (ወደ ክፍሉ አይደለም፤ ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ሰውም ሳይታወቀው ያፍናል)። ኦክስጅኑ 5 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል።