አሮጌ ቡፌና ቁም ሣጥን ስታድሱ ልባሱን የሚያበላሹ ስህተቶች

ጅማ ያደገ ሰው እጁ የለመደው ድፍን እንጨት ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ሲቆሽሽ ይፋቃል፣ ሲጫጫር ይላጋል፤ ከሥሩ ያው ዋንዛው ነው። ቬኒር የሚባለውን ስስ የእንጨት ልባስ የለበሰ ቡፌ ግን ሌላ ነገር ነው። ላዩ ላይ የምናየው ያ የሚያምር እንጨት ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ያለው ተራ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ (የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይህን ሳያረጋግጡ መፋቅ ነው። እናቴ በሠርጓ ያገኘችውን ቡፌ ያበላሸሁት እንዲህ ነው፤ ማሽን ተውሼ ላዩን ስፍቅ፣ በደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ላይ የቺፑዱ ፍርፋሪ ብቅ አለ። ያንን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የላይኛውን ሰሌዳ ጫፍ በደንብ እዩ። ድፍን ጣውላ ከሆነ ጫፉ ላይ የግንዱ ቀለበት ይታያል። ላዩ ላይ ስስ ንጣፍ ከታየ ቬኒር ነው።

ሁለተኛው፣ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት። 60 ወይም 80 ቁጥር ለቬኒር አይሆንም። በ180 ጀምራችሁ በ220 ጨርሱ። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ በእጅ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ሂዱ። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ ቦታ ቀለም ሲቀባ ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቶሎ የሚሳሳው ጠርዙ ነውና እዚያ እጃችሁን አቅልሉ። የብናኙ ቀለም ከተለወጠ ልባሱ እያለቀ ነውና ወዲያው አቁሙ።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ መፋቅ አያስፈልግም። እስፒርቶ የነካ ጥጥ በማይታይ ቦታ ላይ ያዝ አድርጉ፤ ቅቡ ከተሟሟና ከተጣበቀ ጎማላካ የሚባለው በእስፒርቶ የሚሟሟ የእንጨት ቅብ ነው፣ በእስፒርቶና በጨርቅ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ጠቆር ያለው የዓመታት የጭስና የእጅ እድፍ ብቻ ይሆናል። እድፉን በሳሙና በራሰና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። ግቢ አውጥቶ ውኃ መድፋት ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቺፑድ ውኃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም።

የተላቀቀ ቬኒርን ገንጥሎ መጣል ሌላው ነው፤ በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የጥንቱ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተሠራ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል። ጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉ፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በከባድ ነገር ተጫኑት። እምቢ ካለ በመርፌ ከሥሩ ነጭ ኮላ ስጡት፤ ላዩ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ ጣውላ፣ ከጣውላው በላይ ሙሉ ጆንያ አድርጋችሁ አሳድሩት። ላስቲኩን ከረሳችሁ ጣውላው አብሮ ይጣበቃል።

የጎደለውን ቦታ በሰጋቱራና በኮላ መድፈንም ይቅር። ኮላ ቀለም ስለማይጠጣ ጠባሳው ይቀራል። መስመሩ የሚመሳሰል የቬኒር ቁራጭ ፈልጎ መለጠፍ ይሻላል።

ጅማ ደግሞ ዝናቡ አይጣል ነው። በክረምት፣ አየሩ ርጥብ ሳለ የተቀባ ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅም፤ ጎማላካ ደግሞ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል። ኅዳርን ወይም ጥርን ጠብቁ። ቅቡም ስስ ስስ ሆኖ ይደጋገም እንጂ በአንዴ አይወፍር።

የተልባ ዘይት ከቀባችሁ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት። ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።