ኮንትራት በድንገት ሲቋረጥባችሁ

ፍሪላንስ የምትሠሩ፣ ደንበኛው ድንገት "ከዛሬ ጀምሮ አቁመናል" ካላችሁ በዚያው ቀን እስካሁን የሠራችሁትን ዘርዝራችሁ ሒሳቡን በኢሜይል ላኩ። ቴሌግራም ብቻውን አይበቃም፤ ደንበኛው ቻቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ያላለቀውንም "ግማሹ ደርሷል፣ ይህን ያህል ብር" ብላችሁ አስገቡት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤም እዚያው ላይ ጠይቁ። ለምን በዚያው ቀን? ሰውዬው ገና ይሉኝታ ይዞታል፣ ሥራችሁንም ያስታውሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላማ ስልክ የሚያነሳ የለም። አፕዎርክ (ፍሪላንሰሮችና ደንበኞች የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ላይ በቁርጥ ዋጋ የምትሠሩና ክፍያው ቀድሞ እዚያው የተቀመጠ ከሆነ፣ ደንበኛው ውሉን ሳይዘጋው የደረሰውን ሥራ አስረክቡ፤ ዝም ካለ በ14 ቀን ገንዘቡ ይለቀቃል። ውላችሁ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ካለው ግን "ሒሳባችን ተዘግቷል" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የዚያን ጊዜ ክፍያ ልታጡ ትችላላችሁ።