ሥራ ፈጠራን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስታስተምሩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ተማሪዎች ሥራ ፈጠራ ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚለው ክርክር ያለፈበት ይመስለኛል። አሁን ያለው ጥያቄ እንዴት ይማሩ የሚለው ነው። ብዙ መልካም ሐሳብ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። መምህር፣ የክበብ ተጠሪ ወይም ወላጅ ከሆናችሁ ከታች ያሉትን በደንብ እዩልኝ። አብዛኞቹ ስህተቶች ለልጆቹ ከማሰብ የሚመጡ ናቸው፤ ቶሎ የማይታወቁትም ለዚህ ነው።

በቢዝነስ ዕቅድ መጀመር

ልጁ ገና ምንም ሳይሸጥ ሃያ ገጽ ዕቅድ ጻፍ ይባላል። የገበያ ጥናት፣ የአምስት ዓመት የሽያጭ ትንበያ፣ ምኑ ቅጡ። ቁጥሩን ከየት ያምጣው? ወይ ከራሱ ይፈጥራል ወይ ከሌላ ዕቅድ ይገለብጣል። በመጨረሻ የተማረው ቅጽ መሙላትን ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ሠርተው ይሽጡ። ዕቅዱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ማን ይገዛናል፣ ምን ችግር እናቃልልለታለን፣ ስንት ያስወጣናል፣ እስከ መቼ እንሞክራለን። ከሽያጩ በኋላ ዕቅዱን እንደገና ይጻፉት። ያኔ የሚጽፉት ያዩትን ነው።

በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ የተካሄደ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። አንዱ ቡድን የተለመደውን የቢዝነስ ሥልጠና ወሰደ። ሁለተኛው ማንም ሳይነግረው ተነሳስቶ መጀመርን፣ አርቆ ማሰብን፣ እንቅፋት ሲገጥም አለመተውን ተለማመደ። ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። ከሦስተኛው ጋር ሲነጻጸር የሁለተኛው ቡድን ትርፍ 30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ላይ የታየው ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ነበር፤ እሱም በስታትስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ አልነበረም። እርግጥ እነዚህ አዋቂ ነጋዴዎች እንጂ ተማሪዎች አይደሉም። ቢሆንም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው መምህር ያንን ጊዜ በምን ቢያሳልፈው እንደሚሻል ፍንጭ ይሰጣል።

ውሳኔውን ከልጆቹ እጅ መውሰድ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ምን ይሠራ የሚለውን መምህሩ ይመርጣል፣ ዕቃውን ወላጅ ይገዛል፣ ዋጋውን አስተባባሪዋ ትቆርጣለች፣ ከሻጭ ጋር የሚደራደረውም ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹ ጠረጴዛ ጀርባ ቆመው ይሸጣሉ። ዝግጅቱ ያምራል፣ ፎቶውም ያምራል፣ ግን ልጆቹ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ያለ ደመወዝ ተቀጥረው ነው የዋሉት።

ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቹ እናንተ የማትስማሙበትን ምን ወሰኑ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ቢዝነሱ የእናንተ ነው።

ጣልቃ የሚገባበት ቦታ አለ። ደህንነት፣ ሕግ፣ ብድር፣ ማጭበርበር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። ከዚያ ውጭ ግን ጠይቁ እንጂ አትወስኑ። ዋጋው በዛ ብላችሁ ካሰባችሁ «ቀንሱ» አትበሉ። «የማታውቋቸውን አምስት ሰዎች ጠይቃችኋል?» በሏቸው። ሄደው ጠይቀው፣ ሦስቱ ፊታቸውን አዙረውባቸው ሲመለሱ ዋጋውን ራሳቸው ይቀንሱታል፣ ወይም ደግሞ ዕቃውን አሻሽለው ባሉት ዋጋ ይሸጡትና እናንተ ተሳስታችሁ ትገኛላችሁ፤ ሁለቱም ጥሩ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። ለአክስትና ለአጎት ብቻ መሸጥ። ዘመድ የሚገዛው ስለሚወዳቸው ነው፣ ዕቃው ባይረባም ይገዛል። ቢያንስ ግማሹ ደንበኛ «አልፈልግም» ብሎ መሄድ የሚችል ሰው ይሁን።

በነጻ የተገኘውን ከወጪ አለመቁጠር

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ሸጥን» ሲሉ «አተረፍን» ማለታቸው ነው። ልዩነቱን በገዛ እጃቸው ማስላት አለባቸው። ደብተር አስውበው የሚሸጡ አራት ልጆች አሉ እንበል። ለአንዱ ደብተር ዕቃው 30 ብር ይፈጃል፣ መሸጫው 50 ብር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 20 ይተርፋል። ለጠረጴዛ ኪራይና ለማስታወቂያ 400 አውጥተዋል፤ ይህ ቢሸጡም ባይሸጡም የማይቀር ቋሚ ወጪ ነው። 400 ለ20 ሲካፈል 20 ደብተር። ሃያኛው እስኪሸጥ ድረስ ኪሳራ ላይ ናቸው። 30 ቢሸጡ ትርፋቸው 200 ነው።

አሁን ሰዓታቸውን ይቁጠሩ። እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት ከሠሩ በድምሩ 40 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰዓት የደረሳቸው 5 ብቻ ነው። ዕቃውን ወላጅ በነጻ ሰጥቶ ከሆነም ዋጋው መዝገቡ ላይ ይስፈር። አለበለዚያ የማያዋጣ ሥራ አዋጪ መስሏቸው ያድጋሉ። ይህን ስሌት አንዴ የሠራ ልጅ የሒሳብ ክፍለ ጊዜውንም በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ሐሳብን ብቻ መሸለም

ውድድር ይዘጋጃል፣ ዳኞች ይቀመጣሉ፣ ቆንጆ ስላይድ ያቀረበው ያሸንፋል። ከዚያ ሐሳቡ እዚያው ይቀራል። ውድድር ካላችሁ ነጥቡን ለተሠራው ስጡ፦ ስንት ደንበኛ አናገሩ፣ ከሰሙት ተነስተው ምን ቀየሩ።

ትምህርት አቋርጠው ቢሊየነር የሆኑትን ብቻ ማሳየት

ቢል ጌትስ ሃርቫርድን ትቶ መውጣቱ ሁልጊዜ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ13 ዓመቱ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ማሽን ማግኘቱ፣ ያኔ ይህ ዕድል ለጥቂት ልጆች ብቻ የደረሰ መሆኑ ግን አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ እጅግ በፍጥነት ያደጉ አዳዲስ ኩባንያዎችን መሥራቾች ተመልክቶ፣ ኩባንያውን ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 መሆኑን አሳይቷል። ይህን ንገሯቸው። በ17 ዓመቱ ካልተሳካልኝ አለቀልኝ ብሎ የሚያስብ ልጅ በጣም ያሳዝነኛል።

ኪሳራን መደበቅ፣ ወይም ማወደስ

አንዳንዱ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል። ሌላው «መውደቅ ጥሩ ነው» እያለ ያጨበጭባል። ሁለቱም አይጠቅምም። የሥራ ፈጠራ ተመራማሪዋ ሳራስ ሳራስቫቲ ልምድ ያላቸው ሥራ ፈጣሪዎች ስንት አተርፋለሁ ከማለት በፊት ቢጠፋብኝ የምችለው ስንት ነው ብለው እንደሚነሱ አሳይታለች። ለተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ገና ሳይጀምሩ ጣሪያውን ይወስኑ፣ ይጻፉት፣ እዚያ ሲደርስ ያቁሙ። ከዚያ የቱ ግምታችን ተሳሳተ ብለው ይነጋገሩ።

ኃላፊነቱን ለተናጋሪዎቹ ብቻ መስጠት

ደፋሩ ልጅ ሁልጊዜ ሥራ አስኪያጅ፣ ዝምተኛዋ ሁልጊዜ ጸሐፊ። ቦታውን በየጥቂት ሳምንቱ አዘዋውሩ።

ስንቱ ነጋዴ ሊሆን ፈለገ ብሎ መለካት

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት የሙያ ኮሌጅ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። አነስተኛ ኩባንያ የማቋቋም ፕሮግራም የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ሥራ ፈጣሪ የመሆን ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። አጥኚዎቹ አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል ያሉት ተማሪዎቹ የሥራውን እውነተኛ መልክ ማየታቸውን ነው። እኔ ይህን ውድቀት አልለውም። ራሱን ያወቀ ልጅ ምንም አልከሰረም። ግን ያው ጥናት በክህሎታቸውም ላይ ለውጥ አላገኘም፤ ልንጨነቅ የሚገባን በዚህ ነው። ስለዚህ መለኪያው ክህሎት ይሁን፦ የማያውቁትን ሰው ማናገር፣ ከጓደኛ ጋር ሳይጣሉ አለመስማማት፣ የጀመሩትን መጨረስ። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የሥራ ፈጠራ ብቃቶች ማዕቀፍ 15 ብቃቶችን ይዘረዝራል፤ የገንዘብ ዕውቀት ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው።

ሳይዘጉ መበተን

ፈተና ሲደርስ ሁሉም ይበተናል፤ የቀረው ዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ ገንዘቡ አንድ ልጅ ጋ ይቀራል። ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው፣ ወጣቶችን ሥራ ፈጠራ የሚያስተምረው ድርጅት ጁኒየር አቺቭመንት ለረጅም ጊዜ በተጠቀመበት አሠራር ተማሪዎች ትንንሽ አክሲዮን ሸጠው ኩባንያ ይጀምራሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ዘግተው ለባለአክሲዮኖቹ ይመልሳሉ። አክሲዮን ባትሸጡም የመዝጊያውን ቀን ከመጀመሪያው ቁረጡ። ገንዘቡን ሁለት ልጆች በጋራ ይያዙ፣ በየሳምንቱ በሦስተኛ ልጅ ይቆጠር። በመጨረሻው ቀን የቀረው ዕቃ ይቆጠር፣ ያለባቸው ዕዳ ይከፈል፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፋፈል መጀመሪያ በጻፉት ስምምነት መሠረት ይከፋፈል፣ ሁሉም ይፈርም።