ልጁ የደረሰበትን ሲሥል፦ በድሬዳዋ የወጣት ክበቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ወጣቶችን ሰብስቦ ሥዕል፣ ድራማ፣ ግጥም ወይም ራፕ የሚያሠራ ሰው አይጠፋም። ርዕሱ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም ያላግባብ መታሰር ሲሆን ግን አያያዙ ይለወጣል። የተበላሸ ሥዕል ይቀደዳል፤ አንዴ ሰፈር የሰማው ታሪክ ግን አይመለስም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከክፋት ሳይሆን ከጥድፊያ ነው። ኤግዚቢሽኑ ቀን ተቆርጦለታል፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ልጁ ገና አልተዘጋጀም።

«የደረሰባችሁን ሣሉ» ብሎ መጀመር

በመጀመሪያው ቀን ይህን የተባለ ልጅ ወይ አበባና ባንዲራ ሥሎ ይገላገላል፣ ወይ ሁሉንም በአንዴ ዘርግፎ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው አይመጣም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ለእጅ ማፍታቻ ተዉአቸው፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ካርታ መሥራት፣ ማታ የሚታየውን ሰፈር በሦስት ቀለም ብቻ መሣል፣ የተሰበረ ቁልፍ አፍ አውጥቶ ቢናገር ምን እንደሚል መጻፍ። ካርታው ላይ አንድ ጥግ በቀይ ካከበበ «ለምን?» አትበሉት። ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል።

ለግጥም ደግሞ ሰምና ወርቅ አለልን፤ በደልን ሳይጠሩ ለመጥራት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። «በሬ» የሚለውን ቃል ስጧቸው። የሚያርሰው በሬና የራስ ቤት በር በአንድ ስንኝ ይገናኛሉ፤ ቤቱ የተሰበረበት ልጅ ስለ እርሻ የሚያወራ መስሎ ስለ ቤቱ ይናገራል። አማርኛ ብቻ ይሁን ብላችሁም አታስጨንቁ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እየቀላቀለ የሚያወራ የድሬ ልጅ፣ የሚያመውን ነገር የሚናገረው እቤት በሚናገርበት ቋንቋ ነው።

አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ90 ደቂቃ፣ የልጆቹም ቁጥር ከ12 አይብለጥ። ትልልቅ ሰዎች ሁለት ይሁኑ፤ አንድ ልጅ ሲያለቅስ አንዱ አብሮት ይወጣል፣ ሌላው ከቀሩት ጋር ይቆያል። የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ለሥራ አይደሉም፦ እጅ መታጠብ፣ ውሃ መጠጣት፣ ተራ ጨዋታ። ከርዕሱ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የተሸኘ ልጅ ርዕሱን ይዞት ይሄዳል።

ስም ስለተቀየረ ማንነት የተደበቀ መምሰል

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። «ሳቢያን የምትኖር፣ የባጃጅ ሹፌር ልጅ፣ 15 ዓመቷ፣ አምና ክረምት» ካላችሁ በኋላ ስሟን ሄለን በሉት ፋጡማ፣ ማን ይታለላል? ከስሙ በተጨማሪ ከዕድሜ፣ ከሰፈር፣ ከወላጅ ሥራ፣ ከወቅትና ከዝምድና ቢያንስ ሦስቱን ቀይሩ። ስሜቱንና የነገሩን አካሄድ አትንኩ፤ የሥራው ኃይል ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ለባለታሪኳ አንብቡላትና «ጎረቤት ቢሰማው ማን ይመስለዋል?» ብላችሁ ጠይቋት። «እኔ» ካለች ገና ነው።

ፎቶም እንዲሁ። ፊቱን አደብዝዞ ዩኒፎርሙን፣ ከኋላ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ወይም የግቢውን በር መተው የተለመደ ነው። የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዳይመዘግብ ከማንሳታችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ አጥፉት። በቴሌግራም በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ድምፅን በአፕ ማቅጠን ወይም ማጎርነን አስተማማኝ አይደለም፤ ተመልሶ ሊስተካከል ይችላል። ጽሑፉን ሌላ ሰው ያንብበው። ስትቀዱ የጣሪያውን ፋን ማጥፋት አትርሱ፤ በድሬ ሙቀት ማንም አይወደውም፣ ግን ቅጂውን የሚያበላሸው እሱ ነው። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

የተጠርጣሪውን ስም መጥራት ሌላ ጣጣ አለው። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ያስጠይቃል፤ «እውነት ነው» ማለት ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ዓቃቤ ሕጉን ሳታማክሩ ልጁን ታሪኩን አታስደግሙት። ደጋግሞ የተነገረ ነገር ቅርፁ ይለወጣል፤ የተከሳሽ ጠበቃም ልዩነቷን ይዞ ይነሳል።

የወላጅ ፊርማ ሁሉን ይሸፍናል ማለት

ፊርማው ያስፈልጋል፤ አይበቃም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ቀዳሚ ታሳቢ የሚሆነው የሕፃኑ ደኅንነት ነው። በዳዩ ከቤት የሆነበት ጊዜም አለና፣ ለፊርማ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት ልጁን ማንን ማናገር እንደሚሻል ጠይቁት፤ ነገሩ ከቤት ከሆነ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ይግባበት።

ለመሥራት መፍቀድና ለማሳየት መፍቀድ ለየብቻ ናቸው። ማን ይየው? ስሜ ይጻፍ? ኢንተርኔት ላይ ይውጣ? ለእያንዳንዱ ለብቻው መልስ ተቀበሉ፤ ከሳምንት በኋላም ደግማችሁ ጠይቁ። ድሬ ታላቅ ታናሽ ሳይል «አንተ» የሚባባል ከተማ ነው፤ ሰው ቶሎ ይቀራረባል፣ «እሺ»ም ቶሎ ይወጣል። የመጀመሪያዋን እሺ አትመኗት። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው የሠሪው ነውና፣ ካላንደር ላይ ለማተምም ቢሆን ልጁ ይጠየቃል።

ተበዳዩን ተበዳይ አድርጎ ማጫወት

በድራማ ላይ የራሱን ቦታ ለራሱ አትስጡት፤ ከፈለገ ዳይሬክተር ይሁን፣ ጨርሶ ያላየውን መጨረሻ ራሱ ይወስን። የሌባ ወይም የደብዳቢ ሚና የወሰደ ልጅም ይጎዳል፤ «ሌባው!» የሚለው ጥሪ መንገድ ላይ ይከተለዋል። ሚናውን በየልምምዱ አዟዙሩት። ሲጨርሱ ኮፍያውን ወይም ነጠላውን አውልቆ የራሱን ስም ጮክ ብሎ ይናገር።

ከግድግዳ መጀመር

የግድግዳ ሥዕል ያምራል፣ ለፎቶም ይመቻል። ችግሩ ልጁ ሐሳቡን ሲቀይር አለመነቀሉ ነው። ግድ ካለባችሁ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ፦ 6 ሜትር በ3 ሜትር 18 ካሬ ነው፤ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ ቅብ ከ8 እስከ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት ዙር መደብ 4 ሊትር ገደማ ይፈጃል፣ ሻካራ ግድግዳ ከሆነ ከዚያም በላይ። አዲስ ልስን አራት ሳምንት ሳይሞላው አትቀቡ፤ ጨው አውጥቶ ቀለሙን ይገፈትረዋል። በድሬ የሚቀባው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። በቀትር የተቀባ ሳይዝ ደርቆ ይላጣል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ የግድግዳው ባለቤትም አይገኝም። ንድፉን በ5 ሳንቲሜትር ካሬ ከፋፍላችሁ ግድግዳው ላይ እያንዳንዱን ካሬ 50 ሳንቲሜትር አድርጉት።

ሐረር የምትሠሩ ከሆነ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና ካለፈቃድ አንድ መስመር አታስምሩ። ከግድግዳ ይልቅ አቡጀዲ ግዙ። ወጥራችሁ በነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ አልብሱት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሣልበት። ሰፈር ይዞራል፣ ማታ ይወርዳል፣ ልጁ «አይታይብኝ» ያለ ቀን ተጠቅልሎ ቤቱ ይገባል።