መንገድ ሲያልፍ ሰፈሩ ምን ይሆናል? ገምጋሚዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት

የሚያንገበግበኝን ላስቀድም፦ ርቀትን ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት።

"ክሊኒኩ ከቤቶቹ 200 ሜትር ላይ ስለሆነ ተጽዕኖ የለም" ተብሎ በመንገዱ የተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት ላይ ይጻፋል። መሃል ላይ ግን በአጥር የታጠረ ፈጣን መንገድ ሊያልፍ ነው። የእግረኛ ድልድዩ ያለው 600 ሜትር ወዲያ። እስኪ አስሉት፤ 600 ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ 600 ተመልሶ፣ የ200 ሜትሩ መንገድ 1,400 ገደማ ሆነ። ደረጃው ገና አልተቆጠረም! ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሪፖርቱ ግን አላየውም።

እኔም ሠርቼዋለሁ። "አማራጭ መሻገሪያ ተዘጋጅቷል" ብዬ ፈርሜ፣ በኋላ ድልድዩ ሥር ቆሜ እግረኛ ስቆጥር አንዲት እናት መጡ። ደረጃውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለኩና እሳቸውም ተከተሉ። ያን ቀን ፊርማዬ አሳፈረኝ።

መብራት ያለው መሻገሪያም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሴኮንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው ነው። 12 ሜትር መንገድ በ10 ሴኮንድ ያልቃል። በሴኮንድ 0.8 ሜትር የሚሄድ አዛውንት ግን 15 ይፈልጋል። አምስቱን ሴኮንድ መኪና መሃል ያሳልፋቸዋል።

ድምፅን ጠዋት ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። ሰው የሚተኛው ሌሊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊቱ ምክር ለመኪና መንገድ ከ45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በታች፣ ለአውሮፕላን ከ40 በታች ነው። አማካይም ያታልላል፦ ሌሊት ሦስቴ የሚያልፍ የጭነት ባቡር በ24 ሰዓት አማካይ ውስጥ ይሟሟል፤ የተኛውን ሰው ግን ሦስቴ ይቀሰቅሰዋል። ደግሞ፣ ጀማሪዎች ሆይ፣ ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም፤ 60 ዴሲቤል ሲደመር 60 ዴሲቤል 63 እንጂ 120 አይደለም። ይህን በሪፖርት ላይ አይቼ የሳቅኩት አንዴ ብቻ አይደለም።

የካሳ ዝርዝር ላይ የቤት ባለቤት ብቻ መጻፍ፦ ተከራዩና በር ላይ የሚሸጠው ሰው የት ገቡ?

የነዋሪ ስብሰባ በሥራ ሰዓት ጠርቶ "ተቃውሞ አልቀረበም" ማለት... እባካችሁ።

የተሳፋሪውን ትርፍ ከጎረቤቱ ጉዳት ጋር ማጣፋትም አለ። ሺህ ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ቆጠበ ተብሎ ጭሱ የሚገባበት ቤት መስኮት አይከፈትም።

ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ "የቀድሞውን ሁኔታ ልለካ" ብሎ የአቧራ መለኪያ ይዞ የሚመጣውን ግን ምን ብዬ ልምከረው?